የዓሣ ዘይትና የብግነት ምርመራ፦ ዕድሜ ሲገፋ የቱን እንምረጥ?

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በቀን አንድ ተራ የዓሣ ዘይት እንክብል በመዋጥ ብቻ የብግነት ቁጥራችሁ (የደም ምርመራ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው) ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ይሄን የምለው ዘይቱን ለማጣጣል አይደለም። ሥራ አለው። ግን ውጤቱ የሚወሰነው በመጠኑ ነው፣ በዓይነቱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናንተ ቁጥር ለምን ከፍ እንዳለ ነው። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዘላታል፤ ቀጥታ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል። እኛ ግን ከምርመራ ወረቀቱ እንጀምር። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የምርመራ ወረቀቱ

ብግነት ሰውነት ቁስል ሲደርስበት ወይም ጀርም ሲገባበት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ጣት ሲቆረጥ የሚቀላው፣ የሚያብጠው፣ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ይሄኛው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ግን ሌላ ነው። አይታይም፣ አያምም፣ በዝቅተኛ ደረጃ ለዓመታት ይቆያል። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ በ2000 "ኢንፍላሜጂንግ" ያለው ይህንን ነው።

መንስኤው አንድ አይደለም። አንዳንድ ያረጁ ሕዋሳት መከፋፈል ያቆማሉ፣ ግን አይሞቱም፤ እዚያው ተቀምጠው ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችን ዙሪያቸው ላሉ ሕዋሳት ይለቃሉ። ሆድ ዕቃ መሀል የሚከማቸው ስብም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፣ ኢንተርሉኪን-6 የሚባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ያመርታል። የድድ በሽታ አለ። የእንቅልፍ ማነስ አለ። ሲጋራ አለ። ሁሉም ተደማምረው ነው ቁጥሩን የሚገፉት።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሲአርፒን ነው። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ሲሆን ትእዛዙን በዋናነት የሚሰጠው ያው ኢንተርሉኪን-6 ነው። የተገኘው በ1930 የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው። ለልብና ለደም ሥር ጤና የሚታየው ጥቃቅን መጠንን መለየት የሚችለው ዓይነት ነው፤ ኤችኤስ-ሲአርፒ ይባላል። በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ተብሎ ይነበባል። ከ10 በላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን፣ ጉዳት ወይም ሌላ ሕመም ነው እንጂ እርጅና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። በአንድ ምርመራ አትወስኑ። ሲአርፒ ደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በ19 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በፍጥነት ይወጣል፣ በፍጥነትም ይወርዳል። ጉንፋን ይዟችሁ የሰነበተ ከሆነ፣ ጥርስ ተነቅላችሁ ከሆነ፣ ከባድ ስፖርት ሠርታችሁ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መድገምና የሁለቱን አማካይ መውሰድ ይሻላል። ይሄ ካልተደረገ ሰው የዓሣ ዘይት ይጀምራል፣ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል፣ ሲአርፒው ይወርዳል፣ ምስጋናው ግን ለእንክብሉ ይሆናል።

ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ-አልፋ የሚባለው ሌላው የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲንስ? ከዕድሜ ጋር አብረው የሚጨምሩ ናቸው፣ ተመራማሪዎችም በጣም ይጠቀሙባቸዋል። ለአንድ ሰው የግል ውሳኔ ግን ብዙም አይመቹም፤ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያሉ፣ የተስማሙበት መቁረጫ ቁጥርም የላቸውም። እኔ ብሆን ገንዘቤን እነሱ ላይ አላወጣም። ኢኤስአር የሚባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳት በቱቦ ውስጥ የሚዘቅጡበትን ፍጥነት የሚለካው የቆየ ምርመራ ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር በራሱ ከፍ ይላል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ፤ ለወንድ የላይኛው ወሰን ዕድሜን ለ2 ማካፈል፣ ለሴት ዕድሜ ላይ 10 ደምሮ ለ2 ማካፈል። በዚህ ስሌት የ70 ዓመት ሴት ኢኤስአሯ እስከ 40 ቢደርስ ብዙም አያስደነግጥም፤ ያው ቁጥር 25 ዓመት ወጣት ላይ ቢታይ ግን ያስጠይቃል። ስለዚህ የዘይቱን ውጤት ለመከታተል ከሆነ ኤችኤስ-ሲአርፒ ይበቃል።

ዘይቱ ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

የዓሣ ዘይት ውስጥ የምንፈልጋቸው ሁለት ቅባቶች ናቸው፦ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ። ሁለቱም ኦሜጋ-3 ከሚባሉት ቅባቶች ወገን ናቸው። እነዚህ ወደ ሕዋስ ሽፋን ይገቡና አራኪዶኒክ አሲድ የሚባለውን ቅባት ቦታ በከፊል ይይዛሉ። ከአራኪዶኒክ አሲድ የሚሠሩት መልእክቶች ብዙዎቹ ብግነትን ያፋፍማሉ፤ ከኢፒኤ የሚሠሩት ግን ደከም ያሉ ናቸው። በተጨማሪ ከሁለቱም ሬዞልቪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ። የእነዚህ ሥራ ብግነቱ እንዲያበቃ ምልክት መስጠት ነው። ቻርልስ ሰርሃን የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው ይሄን ዘርፍ የከፈቱት።

የሕዋስ ሽፋን በአንድ ሳምንት አይቀየርም። ቀይ የደም ሕዋስ ወደ 120 ቀን ይኖራል፣ ስለዚህ የኦሜጋ-3 መጠኑ ተስተካክሎ እስኪረጋ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት "ምንም ለውጥ የለም" ብሎ መተው ትክክል አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት "ተሻለኝ" ማለትም እንደዚያው።

1 ግራም ወይስ ከዚያ በላይ?

የብዙ ሰው ግራ መጋባት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ጠርሙሱ ላይ "1000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት" ይላል። ትልቅ ነው፣ በደማቅ ተጽፏል። ጀርባውን አዙራችሁ ብታነቡ ግን በተራው እንክብል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 180 ሚሊግራም ኢፒኤ እና 120 ሚሊግራም ዲኤችኤ ነው ያለው። ድምሩ 300 ነው። የቀረው 700 ሌላ ቅባት ነው። ጥናቶች "1 ግራም"፣ "2 ግራም" ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት የሁለቱን ድምር ነው እንጂ የዘይቱን ክብደት አይደለም። በዚህ ሂሳብ 2 ግራም ለማግኘት ከተራው ሰባት እንክብል ያስፈልጋል።

አሁን ጥናቶቹን ጎን ለጎን እንያቸው። ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን አሳተፈ፤ ወንዶቹ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ሴቶቹ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። የሚወስዱት በቀን 840 ሚሊግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ነበር። ከመሀላቸው 1,500 ያህሉ ደማቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመር ዘይቱ በአጠቃላይ ኤችኤስ-ሲአርፒንም ኢንተርሉኪን-6ንም አላወረደም። በቃ። ትልቅ ጥናት፣ ግልጽ መልስ።

በሌላ በኩል ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር የተመራው ጥናት አለ፤ የወጣው በ2012 ነው። ተሳታፊዎቹ 138 ናቸው፤ ውፍረት ያላቸው፣ ብዙ የማይንቀሳቀሱ፣ ከ40 እስከ 85 ዓመት የሆኑ። ለአራት ወር ሁለት ቡድኖች ዘይቱን ወሰዱ፤ አንዱ በቀን 1.25 ግራም፣ ሌላው 2.5 ግራም። ሦስተኛው ቡድን የማስመሰያ እንክብል ወሰደ። ዘይቱን በወሰዱት ላይ ኢንተርሉኪን-6 ከ10 እስከ 12 በመቶ ወረደ፤ በማስመሰያው ቡድን ላይ ግን 36 በመቶ ጨመረ። ሰዎች ይሄን ሲያነቡ ልዩነቱን አይተው ይደሰታሉ። እኔ ግን ልብ በሉ የምለው አብዛኛው ልዩነት የመጣው ሌላው ቡድን ስለጨመረ መሆኑን ነው። የራሱ የዘይቱ ማውረድ መለስተኛ ነው።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጣሉ ይመስላል፣ ግን አይጣሉም። አንዱ በአብዛኛው ጤነኛ ሰዎች ላይ በትንሽ መጠን የተሠራ ነው። ሌላው ብግነት የሚቀሰቅስ ውፍረት ያላቸው ሰዎች ላይ፣ ከፍ ባለ መጠን። ቁጥሩ መጀመሪያውኑ 0.8 ለሆነ ሰው ምን ሊወርድለት ነው? 4 ላይ ላለ ሰው ግን ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ አለው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ ዓላማችሁ የብግነት ቁጥርን ማውረድ ከሆነና ቁጥራችሁ እውነት ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሊያስተውሉት የሚቻል ለውጥ የሚጠበቀው ከ2 እስከ 3 ግራም ባለው የሁለቱ ድምር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ለሌላ ጥቅም ሊሆን ይችላል፣ ለቁጥሩ ግን ብዙም አትጠብቁ።

ከየትኛው ምንጭ?

ዓሣውን መብላት ከሁሉም ይቀድማል። ሳልመን፣ ሰርዲን፣ ማካሬል፣ ሄሪንግ፤ ቅባታቸው የበዛ ዓሣዎች። 100 ግራም በእርባታ ያደገ ሳልመን 2 ግራም ገደማ ኢፒኤና ዲኤችኤ ይሰጣል፣ ሰርዲን ወደ 1 ግራም። የቆርቆሮ ቱና ከእነዚህ በጣም ያነሰ ነው። ዓሣ ስትበሉ ሌላ ነገር አለመብላታችሁም ጥቅም አለው፤ የተቀነባበረ ሥጋን ተክታችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ አተረፋችሁ። ችግሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ መብላት በቀን ሲካፈል ግማሽ ግራም አካባቢ መሆኑ ነው፤ 2 ወይም 3 ግራም በየቀኑ ከዓሣ ብቻ ማግኘት ለብዙ ሰው አይሆንም። ቫይታል ላይ አንድ የሚያስደስተኝ ግኝት ግን አለ፦ በሳምንት ከአንድ ተኩል ጊዜ ያነሰ ዓሣ የሚበሉት ሰዎች ዘይቱን ሲወስዱ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር በ19 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ማለትም ዘይቱ የሚጠቅመው ይበልጥ የጎደለውን ነው።

የተጠናከረው እንክብል ከተራው የሚለየው በአንድ ፍሬ 500፣ 600፣ አንዳንዴም 800 ሚሊግራም የሁለቱን ቅባት በመያዙ ነው። መጠኑን ከፍ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ነው ምርጫው። እዚህ ላይ የምታዩት ሌላ ነገር ቅባቱ የተዘጋጀበት ቅርጽ ነው፤ ኤቲል ኤስተር ነው ወይስ ትራይግሊሰራይድ የሚለው። ኤቲል ኤስተር የሚባለው በባዶ ሆድ ወይም ቅባት በሌለው ምግብ ሲወሰድ በደንብ አይገባም፤ ትራይግሊሰራይዱ የተሻለ ይገባል። ለሁለቱም መፍትሔው ቀላል ነው። ቅባት ካለው ዋና ምግብ ጋር ውሰዱት።

ክሪል ዘይት (ክሪል ከሚባሉ ሽሪምፕ መሰል ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚወጣው) በደንብ ይገባል እየተባለ ይወደሳል። ይገባ ይሆናል፣ ግን በአንድ እንክብል ውስጥ ያለው መጠን በጣም ትንሽ ነው። 2 ግራም ለማድረስ ስንት መዋጥ እንዳለባችሁ ጀርባውን አንብባችሁ አስሉት፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ይተዉታል።

ዓሣ ለማይበላ ሰው የአልጌ ዘይት አለ። ዓሣው ራሱ ኦሜጋ-3ውን የሚያገኘው በስተመጨረሻ ከአልጌ ስለሆነ ምንም የሚያሳንሰው ነገር የለም። ብዙዎቹ ዲኤችኤ ይበዛባቸዋል፣ ኢፒኤም ያላቸው አሉ። ተልባና ቺያ ግን በዚህ ጉዳይ ምትክ አይሆኑም። እነሱ ውስጥ ያለው ኤኤልኤ የሚባለው የዕፅዋት ኦሜጋ-3 ነው፤ ሰውነት ከዚህ ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ከ10 በመቶ በታች ነው፣ ወደ ዲኤችኤ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ለጤና ጥሩ ናቸው፣ ብሏቸው፣ ግን ሲአርፒ አወርዳለሁ ብላችሁ አትቁጠሩባቸው።

የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቫይታሚን ኤ እና ዲ አለው። በትንሽ ማንኪያ ጥሩ ነው። መጠኑን ከፍ አድርጋችሁ ኦሜጋ-3 ላግኝ ካላችሁ ግን ቫይታሚን ኤ አብሮ ይከመራል፣ እሱም ጉበትንና አጥንትን ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ንጹሕ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ነው፣ የታሰበውም ለብግነት ሳይሆን ደማቸው ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ከፍ ላለና የልብ ስጋት ላለባቸው ሰዎች ነው። ሪዱስ-ኢት የተባለው ጥናት 8,179 ሰዎች ላይ የልብ ችግርን በ25 በመቶ ቀንሷል ብሎ ዓለምን አስደነቀ። ክርክሩ የመጣው በኋላ ነው። ለማነጻጸሪያ የተሰጠው የማዕድን ዘይት ነበር፣ እሱን በወሰዱት ሰዎች ላይ ሲአርፒ ከ2.1 ወደ 2.8 ወጥቶ ተገኘ። በ2020 የወጣው ስትሬንግዝ ደግሞ በ13,078 ሰዎች ላይ ኢፒኤና ዲኤችኤን አብሮ 4 ግራም ሰጥቶ፣ ማነጻጸሪያውን የበቆሎ ዘይት አድርጎ፣ ጥቅም ሳያገኝ ቆመ። ከሁለቱ የትኛው እውነቱን እንደያዘ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ስለዚህ ይሄ መንገድ ከልብ ሐኪማችሁ ጋር የሚወሰን እንጂ በራስ የሚጀመር አይደለም።

የትኛውንም ብትገዙ አንዱን እንክብል ነክሳችሁ ቅመሱት። ትንሽ የዓሣ ሽታ ያለ ነው። የበሰበሰ ወይም የቆየ ቀለም የሚመስል ሽታ ካለው ተበላሽቷል፣ አትውሰዱት። ሎሚ የተጨመረበት ይሄን ይሸፍናል። አምራቹ የኦክሲዴሽን (ዘይቱ በአየር ምን ያህል እንደተበላሸ የሚያሳይ) ውጤት የሚያወጣ ከሆነ ቶቶክስ የሚባለውን ቁጥር ፈልጉ፤ ከ26 መብለጥ የለበትም።

ኢፒኤ ወይስ ዲኤችኤ?

ለረጅም ጊዜ "ለብግነት ኢፒኤ፣ ለአእምሮ ዲኤችኤ" ሲባል ቆይቷል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ካናዳ ላቫል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት የሆድ ውፍረትና ዝቅተኛ ብግነት ያለባቸውን 154 ሰዎች ወስዶ፣ ለአሥር አሥር ሳምንት በቀን 2.7 ግራም አንዱን ብቻ፣ ከዚያ ሌላውን ብቻ ሰጣቸው። በሲአርፒና በኢንተርሉኪን-6 ሁለቱ በግልጽ አልተለያዩም፤ በአንዳንድ ሌሎች ምልክቶች ግን ዲኤችኤ በለጠ። ዋጋው ደግሞ ዲኤችኤ ኤልዲኤል የሚባለውን ኮሌስትሮል ከኢፒኤ የበለጠ ከፍ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ኤልዲኤላችሁ ችግር ካልሆነ ሁለቱም ያለበትን ውሰዱ፣ አትጨነቁ። ኤልዲኤል ካስቸገራችሁ ኢፒኤ ወደሚበዛበት አዘንብሉ።

ማን መጠንቀቅ አለበት?

ከሁሉም በላይ የልብ ምት መዛባት ያለበት ወይም የነበረበት ሰው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ዓይነት ከዕድሜ ጋር የሚበዛ ነው፣ ኦሜጋ-3 ማሟያም ይጨምረዋል። በ2021 በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ በቀን ከ1 ግራም በላይ በሚወስዱት ላይ ስጋቱ 49 በመቶ፣ 1 ግራምና ከዚያ በታች በሚወስዱት ላይ 12 በመቶ ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ይሄን ማንም ጠርሙስ ላይ ጽፎ አይሸጥላችሁም፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው። ልባችሁ ያለ ምክንያት መምታት፣ መዝለል ከጀመረ አቁሙና ታዩ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቀዶ ጥገና የተቀጠራችሁ፣ መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከዚያ ውጭ ያለው የሆድ መረበሽና የዓሣ ግሳት ነው።

ከዘይቱ ጋር የሚወዳደሩ ሌሎች ነገሮች

ንጽጽር ካልን ዘይትን ከዘይት ጋር ብቻ ማወዳደር ጎዶሎ ነው። ክብደት ሲቀንስ ሲአርፒ ይወርዳል፤ በጥናቶች ድምር ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.13 ሚሊግራም በሊትር ያህል ነው። ስምንት ኪሎ የቀነሰ ሰው 1 ሚሊግራም ገደማ አወረደ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ከመካከለኛ ወደ ዝቅተኛ ሊያሻግር ይችላል። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒትም ሲአርፒን ያወርዳል፤ በ2008 በወጣው ጁፒተር ጥናት 37 በመቶ አውርዷል። ስታቲን ታዞላችሁ በዓሣ ዘይት ልተካው የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት። ሁለቱ አይተካኩም።

ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅን በክኒን የምትወስዱ እህቶችና እናቶች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በአፍ የሚወሰደው ኤስትሮጅን ራሱ ሲአርፒን ከፍ ያደርጋል፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ግን ይሄን አያደርግም። ቁጥሩ ከፍ ያለው በዚህ ከሆነ ዘይት መጨመር መልሱ አይደለም።

ታዲያ እናንተ የቱን ትያዙ?

ሲአርፒያችሁ ከ1 በታች ከሆነና ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ምንም አትግዙ። ከ1 በታች ሆኖ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ዓሣ ጀምሩ፤ ካልሆነላችሁ በቀን ግማሽ ግራም ገደማ የሚሰጥ እንክብል ወይም የአልጌ ዘይት ይበቃል፣ ግን ለልብ ነው እንጂ ለቁጥሩ ብላችሁ አይደለም።

ሁለቴ ተመርምራችሁ ከ3 በላይ ከሆነ መጀመሪያ ድዳችሁን፣ ወገባችሁን፣ እንቅልፋችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት እዩ። እነዚህ ተነክተው አሁንም ከፍ ካለና የልብ ምት ችግር ከሌለባችሁ፣ የተጠናከረውን በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ሞክሩ። የሩማቶይድ መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ከ3 ግራም አካባቢ የተሻለ ተስፋ አለው፤ እዚያ የሚታየው ለውጥ ብዙ ጊዜ የጠዋት የመገጣጠሚያ ግትርነትና ሕመም መቀነስ ነው፣ ሲአርፒ ባይነቃነቅም እንኳ። መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ።

ከ10 በላይ ከሆነ ዘይት የሚባል ነገር እርሱትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የሚሞክር ሰው ከመጀመሩ በፊት ይመርመር፣ ከዚያ በዚያው ላብራቶሪ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ይድገም፤ ያኔም ጉንፋን ሳይኖር። በመሀል ሌላ አዲስ ማሟያ አይጨምር፣ ከጨመረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ሦስት ግራም በትክክል ተወስዶ በአራት ወር ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ መጠን መጨመር ሳይሆን ማቆምና ገንዘቡን ሰርዲን መግዣ ማድረግ ነው።